ውኃ የሚጠጣው ድንጋይ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሲሚንቶና ስለ ጠጠር ነው። ይህን ስታነቡ ገጹን ወደ ሥዕሉና ወደ ቀልዱ ለመግለጥ እጃችሁን የሰነዘራችሁ እንደምትኖሩ አልጠራጠርም። እኔም ብሆን አንዲት እንጀራ ጋጋሪ እናት ባያሳፍሩኝ ኖሮ ስለ ሲሚንቶ ይህን ያህል ባላሰብሁም ነበር። ስለዚህ ጥቂት ታገሡኝና ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

የማስተምርበት ተማሪ ቤት በተዳፋት ላይ የተሠራ ነው። ግቢው እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አፈር ነበረ፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ተማሪዎቹ ጧት ለሰንደቅ ዓላማ ሲሰለፉ ጫማው ጭቃ ውስጥ ተውጦበት በአንድ እግሩ እየነጠረ ወደ ክፍል የሚገባ ልጅ አይጠፋም ነበር። በመጨረሻ ወላጆች ገንዘብ አዋጡና ግቢው በሙሉ ሊሾ ተደረገ። የተመረቀ ዕለት ካጨበጨቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ነው ያጨበጨብሁት።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ስናርም፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኀይለኛ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ እንዳባራ ከአጥራችን በታች የሚኖሩ አንዲት እናት መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ወደ በሩ መጡ። እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። በዘበኛው ላይ አልጮሁም፤ እኔን ባዩ ጊዜ ግን «ልጄ፣ እባካችሁ ውኃችሁን ውሰዱልኝ» አሉኝ። ተከትያቸው ሄድሁ። ከግቢያችን በአጥሩ ሽንቁር የወጣው ጎርፍ ማድ ቤታቸው ገብቶ ምድጃውን አጥፍቶታል፤ ለማግሥቱ የተቦካው የቡሃቃ ሊጥም ቡናማ ውኃ ተንሳፎበታል። «ግቢያችሁ አፈር ሳለ እንዲህ አያደርግም ነበር» አሉ፤ «ሲሚንቶው ከመጣ ወዲህ ነው።» እኔም በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚናገረውን፣ «እናስተካክለዋለን፣ እማማ» የሚለውን ቃል ተናግሬ ተመለስሁ።

በማግሥቱ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሒሳቡን ሠራነው። ግቢው 30 ሜትር በ20 ሜትር፣ ማለት 600 ሜትር ካሬ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት 18,000 ሊትር ውኃ ይሆናል። 200 ሊትር በሚይዘው በርሜል ብንለካው 90 በርሜል ነው። አፈሩ ቢሆን ከዚህ ከፊሉን ይጠጣው ነበር፤ ሊሾው ግን ጥቂቱን ብቻ አርጥቦ ሌላውን ሁሉ ወደ ተዳፋቱ ይለቀዋል። ከልጆቹ አንዱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትክ ብሎ አይቶ፣ «ታዲያ እኛ ነን እኮ የምናፈስባቸው» አለ።

መጀመሪያ የታሰበን ቦይ መቆፈር ነበር። ነገር ግን ቦይ ውኃውን ከእማማ ቤት አሳልፎ ወደሚቀጥለው ቤት ከመውሰድ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም፤ የሚቀጥለውም ቤት ሰው አለበት። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ውኃውን ከወደቀበት ቦታ ማስቀረት ነው። ለዚህም መሐንዲሶች ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁት አንድ ዘዴ አለ፤ እርሱም ውኃ አሳላፊ ኮንክሪት ይባላል።

በተለምዶ አርማታ የምንለው ኮንክሪት ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከውኃ እንደሚሠራ የማያውቅ የለም። ጠጠሩ አጥንቱ ነው፤ በጠጠርና በጠጠር መካከል የሚቀረውን ክፍት ቦታ አሸዋው ይሞላዋል፤ በአሸዋው መካከል የሚቀረውንም የሲሚንቶው ሊጥ ይሞላዋል። የግንበኛው ድካም ሁሉ ቀዳዳ እንዳይቀር ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ከአራቱ አሸዋውን አስወጡት። ሊጡም እያንዳንዱን ጠጠር ለማልበስ ያህል ብቻ እንዲበቃ አድርጋችሁ አሳንሱት። የሚገኘው ነገር በማር የተለወሰ ቆሎ ይመስላል፤ ፍሬና ፍሬ በሚነካኩበት ቦታ ተጣብቀው፣ በመካከላቸው ያለው ቦታ ግን ባዶ ሆኖ ይቀራል። ባዶው ቦታ ከጠቅላላው ከመቶ 15 እስከ 25 እጅ ያህል ነው። ቀዳዳዎቹም እርስ በርሳቸው የተገናኙ ስለሆኑ ውኃው ከላይ ገብቶ ከታች ይወጣል። በደንብ የተሠራና አዲስ የሆነ እንደ ሆነ፣ በአንድ ሜትር ካሬ በየደቂቃው ከ100 ሊትር በላይ ያሳልፋል። የእኛ የሰኔ ዝናብ በዚያው ቦታ ላይ በየደቂቃው የሚያፈስሰው ግማሽ ሊትር ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይገኝም። አሸዋ የሌለበት ኮንክሪት ቀላል ነው፤ ተራው በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ያህል ሲመዝን ይኸኛው ከ1,600 እስከ 2,000 ኪሎ ነው። ጉልበቱም እንደዚሁ ያንሳል። በአንድ ሳንቲ ሜትር ካሬ ከ30 ኪሎ እስከ 280 ኪሎ ሊሸከም ይችላል። ከዚህ ከሰፊው ልዩነት በየትኛው ጫፍ እንደሚውል የሚወስነው የሠሪው ጥንቃቄ ነው። ለእግረኛ መንገድ፣ ለግቢ፣ ለመኪና ማቆሚያ ይበቃል፤ ከባድ የጭነት መኪና ሲመላለስበት ለሚውል መንገድ ግን አይሆንም። ፌሮም አይገባበትም፤ ውኃና አየር እንደ ልብ ስለሚመላለሱበት ብረቱን ዝገት ይበላዋል።

ከየት መጣ ያላችሁ እንደ ሆነ፣ ታሪኩ በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ 1852 ይመለሳል። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ አገር አሸዋ በሌለው ኮንክሪት ሁለት መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። በ1923 ደግሞ ዘዴው ከሆላንድ ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በኤዲንበርግ ከተማ 50 ቤቶች ተሠሩበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጡብም ጡብ የሚደረድር ሰውም በጠፋ ጊዜ፣ ጆርጅ ዊምፒ የተባለው የሕንፃ ሥራ ኩባንያ በዚሁ ዘዴ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ቤቶች ሠርቷል። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ የተፈለገው ውኃ ለማሳለፍ አልነበረም፤ ሲሚንቶና ጡብ ለመቆጠብ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ጥያቄ ይመጣል። ዝናብ በማይጠፋበት አገር በቀዳዳ የተሞላ ግድግዳ እንዴት ይሠራል? መልሱን ከኩራዝ ታገኙታላችሁ። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ የሚስበው በጭረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ቀጭን ስለሆነ ነው። ክሩን አውጥታችሁ በቦታው ሰፊ ቱቦ ብታደርጉ ላምባው ከቦታው አይነሣም። አሸዋ የሌለው ኮንክሪትም ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ እርጥበትን ከመሬት ወደ ላይ አይስብም፤ ከውጭ የገባበትም ውኃ ጥቂት ሳይርቅ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። በላዩ ልስን ሲጨመርበት ቤት ይሆናል። ዘዴው ወደ መሬት ወርዶ በመኪና ማቆሚያ ላይ መነጠፍ የጀመረው ደግሞ በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር፣ ዝናብ በሚበዛባት በፍሎሪዳ ነው።

አሁን ወደ ጠጠሩ እንመለስ፤ የአገራችን ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነውና። በሌላ አገር ያሉ ሊቃውንት ለዚህ ሥራ ከተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ሌላ ምን ይሆናል እያሉ ያልሞከሩት ነገር የለም። የአሮጌ ኮንክሪት ስብርባሪ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የመኪና ጎማ ፍርፋሪ፣ የባሕር ዛጎል ሳይቀር ገብቶበታል። ከሲሚንቶው ከፊሉን ለመተካትም የድንጋይ ከሰል አመድና የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ይጨምራሉ። እኛ ዘንድ መብራቱ በአብዛኛው ከውኃ ኀይል ስለሚገኝ የከሰል አመድ እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን በፈንታው ሌላ ነገር አለን። ከቢሾፍቱ አካባቢ ኮረብቶች የሚቆፈረውን፣ ብሎኬት ሠሪዎች ቀይ አሸዋ የሚሉትን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ነጣ ያለው ፑሚስ አለ፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ነው። አንድ የተሰበረ ብሎኬት አንሥታችሁ የተሰበረበትን ፊት ብትመለከቱ፣ የምነግራችሁን ነገር ግማሹን ታዩታላችሁ።

እኔና ተማሪዎቼም «ድንጋዩ ራሱ ባለ ቀዳዳ ከሆነ ውኃውን ይበልጥ ያሳልፋል» ብለን ቀዩን ድንጋይ መረጥን። ምክንያታችን ስሕተት መሆኑ የገባን ዘግይቶ ነው። ውኃውን የሚያሳልፈው በፍሬና በፍሬ መካከል ያለው ቀዳዳ እንጂ በፍሬው ሆድ ውስጥ ያለው ቀዳዳ አይደለም። በሆዱ ያለው አብዛኛው መውጫ የሌለው ዋሻ ነው፤ የገባበትን ይዞ ይቀራል። የሚይዘውም ለሲሚንቶው የተለካውን ውኃ ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ በደረቁ ድንጋይ ሠራነው፤ ደግሞም መጽሐፉ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ ጠጠር ሲል በክብደት መሆኑን አይተን በሚዛን ለካነው። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ከባዱ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ቀላሉ ድንጋይ በክብደት ሲለካ ብዛቱ እጅግ ስለሚጨምር ሊጡ ፍሬውን ሁሉ ማልበስ አቃተው፤ የተረፈውንም እርጥበት ደረቁ ድንጋይ ጠጣው። በሳምንቱ ከእንጨቱ ፎርም ባወጣነው ጊዜ እውነተኛ ቆሎ ሆኖ መሬት ላይ ተበተነ። ከልጆቹ አንዷ ዘግና «ጋሼ፣ ቅመሱ» አለችኝ።

በሁለተኛው ጊዜ ድንጋዩን ወነፋነውና ደቃቁን ጥለን የባቄላ ፍሬ የሚያክለውን አስቀረን። አንድ ሌሊት በውኃ አሳደርነው፤ ጧት አጥልለን ላዩ እስኪጠፈጥፍ ጠበቅን። በሚዛን ፈንታ በጣሳ ለካን፤ አንድ ጣሳ ሲሚንቶ፣ አራት ጣሳ ድንጋይ። ውኃው ከሲሚንቶው ክብደት ሲሶ አይሞላም፤ ለ50 ኪሎ ከረጢት 15 ሊትር ገደማ ነው። ልኩን የሚያስታውቀው እጅ ነው። ዘግናችሁ ስትጨብጡት እንደ ስንቅ ጭብጦ ቅርጹን ይዞ መቅረት አለበት። ከተፈረካከሰ ውኃ አንሶታል፤ ሊጡ በጣታችሁ መካከል ከወረደ በዝቶበታል። ውኃ የበዛበት እንደ ሆነ ሊጡ ወደ ታች ሰርጎ ከሥር ይጠራቀምና ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍነዋል። ከላይ ስታዩት ያማረ ወንፊት ነው፤ ከሥሩ ግን ሊሾ ሆኗል።

የጠጣው ውኃ ግን ከንቱ አይቀርም። ድንጋዩ በሆዱ የያዘው እርጥበት ሊጡ ሲደርቅ ቀስ እያለ ይመለስለታል፤ ሲሚንቶም የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውኃ ጋር በመዋሐድ ስለሆነ ይህ ይረዳዋል። የሆነ ሆኖ ቀይ ድንጋይም ሆነ ፑሚስ ከጥቁሩ ድንጋይ ይልቅ በቀላሉ ይደቅቃል። ስለዚህ በእነርሱ የተሠራውን ሰው ይሂድበት እንጂ መኪና ባይወጣበት እመርጣለሁ። የአሮጌ ኮንክሪት ስብርባሪም ያረጀ ልስን ተጣብቆበት ስለሚመጣ ውኃ ይጠጣል፤ ከጠጠሩ ከፊሉን ብቻ ቢተካ ይሻላል። ጠርሙስ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። በስብርባሪነቱ ሲገባ በሲሚንቶው ውስጥ ካለው አልካሊ ጋር እየተዋሐደ ይነፋና ኮንክሪቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ እንደ ዱቄት ከደቀቀ ግን ይኸው ጠባዩ ተለውጦ ሲሚንቶውን የሚያግዝ ይሆናል።

ይህ የዱቄቱ ነገር አዲስ አይደለም። ሮማውያን በኔፕልስ አጠገብ ፖትሱዎሊ ከተባለው ቦታ የሚያመጡትን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር እያቦኩ ይገነቡ ነበር፤ ፖዞላና የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ኖራ ይተርፈዋል፤ የእሳተ ገሞራው ዱቄት ያንን ትርፍ ኖራ ይዞ ሌላ ማጣበቂያ ይሠራበታል። በገበያችን ፒፒሲ እየተባለ የሚሸጠው ሲሚንቶም ፑሚስ አብሮ የተፈጨበት ነው። ጠባዩ ግን ዝግተኛ ነው፤ ጉልበቱ ቶሎ አይመጣምና ረዘም ላለ ጊዜ በእርጥበት መጠበቅን ይፈልጋል። የሩዝ ገለባ አመድም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ በፎገራ ሜዳ ይህ ገለባ ሞልቷል። ነገር ግን አነዳዱ ልክ ሊኖረው ይገባል፤ እሳቱ ከመጠን ካለፈ በአመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ወደ ክርስታልነት ተለውጦ ሰነፍ ይሆናል፤ ከኖራውም ጋር አይዋሐድም።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ በታችኛው አጥር አጠገብ ሁለት ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ወርድ ያለው ቦታ ሊሾውን አፍርሰን ቆፈርን። ከሥር 20 ሳንቲ ሜትር የታጠበ ድንጋይ ሞላን፤ በላዩ 15 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪታችንን አነጠፍንና በቶሎ በላስቲክ ሸፈንነው። መሸፈኑ ቸል የማይባል ነው፤ ቀዳዳ ስለሆነ ነፋስና ፀሐይ በብዙ ገጽ ያገኙታል፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ካልተሸፈነና ሰባት ቀን ካልቆየ ላዩ ይረግፋል። የሲሚንቶውን ዋጋ የከፈልሁት ከደመወዜ ነው፤ ስንት እንደ ሆነ ለባለቤቴ አልተነገረም።

በስምንተኛው ቀን ሰኞ ጧት ላስቲኩን ለማንሣት ስሄድ ላስቲኩ የለም። ኮንክሪታችንም የለም። በቦታው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሊሾ ተዘርግቷል። ተማሪ ቤቱ ለሌላ ሥራ ያመጣቸው ሽማግሌ ግንበኛ በግንበኛ ማንኪያቸው አጠገቡ ቆመው ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል። «መምህር፣ ልጆቹ ሳይጨርሱት ሄደው ነው ብዬ ቅዳሜ ለሰንሁላችሁ። ምንም አልጠይቅ» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? በዕድሜያቸው ሙሉ የተመሰገኑት ቀዳዳ በመድፈን ነው። አመስግኜአቸው ሻይ ጋበዝኋቸው፤ በሻዩም ላይ ነገሩን ቀስ አድርጌ አስረዳኋቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያውስ ያላለቀ እንዲመስል አድርጎ መጨረስ ነው በለኛ» አሉ። የካቲት ላይ እንደገና ሲሠራ የጠቀጠቁት እሳቸው ናቸው፤ ያማረ ሆነ፤ ማለት፣ ያላለቀ መሰለ።

በዚህ ጊዜ እማማን ጠራናቸው። አንድ ባልዲ ውኃ ይዘው መጡና በእጃቸው ደፉበት። ሰዓቴን ለማየት ቀና ሳልል ውኃው ጠፋ። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን አስነኩትና፣ «ወዴት ገባ?» አሉ። ከሥር ወዳለው ድንጋይ መሆኑን ነገርኋቸው። «ሲሞላስ?»

በሁለት ዓመት ሥራችን ከሰማሁት ጥያቄ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የኮንክሪቱ ችሎታ ብዙ ነው፤ ጭንቁ ከሥሩ ያለው መሬት ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ኮንክሪት ከመቶ 20 እጁ ባዶ ቢሆን 30 ሚሊ ሜትር ውኃ ይይዛል። ከሥሩ ያለው የ20 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ከመቶ 40 እጅ ያህል ባዶ ስለሆነ 80 ሚሊ ሜትር ይይዛል። በድምሩ 110 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ከዚያ በኋላ ወደ አፈር መስረግ አለበት። አፈሩ አሸዋማ ወይም ቀይ አፈር እንደ ሆነ ይሰርጋል። የእኛ ግን ጥቁር መረሬ ነው፤ መረሬ ደግሞ ሲጠግብ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ውኃ የሚያሳልፈው በጭንቅ ነው፤ ሲደርቅም ተሰነጣጥቆ በላዩ ያለውን ሥራ ሁሉ ያናጋል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ከድንጋዩ ሥር የተበሳ ቱቦ ተቀብሮ ውኃውን ቀስ እያለ ወደ መንገዱ ፍሳሽ መውሰድ አለበት። በአጥሩ በኩል ያለው ጎንም በላስቲክ ካልተሸፈነ፣ ፊት በአጥሩ ሽንቁር የሚገባው ውኃ አሁን በመሠረቱ ሥር ወደዚያው ማድ ቤት ይገባል። ሽንት ቤት ጉድጓድና የውኃ ጉድጓድ ባለበት አጠገብም ይህ ሥራ ሊታሰብ አይገባም።

ልክ አለው ካልን አይቀር፣ ከልክ በላይ የሆነውንም መናገር ይገባል። የቻይና መንግሥት ከተሞቹ ዝናብን እንደ ስፖንጅ እንዲጠጡ ብሎ በ2015 በአውሮፓ አቆጣጠር በ16 ከተሞች ሥራ አስጀምሮ ነበር፤ በኋላም ብዙ ከተሞች ተከተሉ። ከእነዚህ ከተከተሉት አንዷ ዤንግዡ ናት። በሐምሌ 2021 በአንድ ሰዓት ውስጥ 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደባት፤ የምድር ውስጥ ባቡሯ ሳይቀር በውኃ ተሞልቶ ብዙ ሰው ሞተ። የእኛን 110 ሚሊ ሜትር ከዚህ ጋር አስተያዩት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው ጎርፍም ከተራራው በወንዝ የወረደ ነው እንጂ በከተማዋ ግቢ የዘነበ አልነበረም። እንዲህ ያለውን አደጋ በግቢ ንጣፍ እመክታለሁ የሚል ሰው ቢኖር አትመኑት። ይህ ኮንክሪት የሚረዳው በየሳምንቱ ለሚመጣው ተራ ዝናብ፣ ጋዜጣ ላይ ለማይወጣው፣ ቡሃቃ ለሚያበላሸው ነው።

ደግሞ አቧራ አለ። በየካቲት ሰዓት ለማየት ጊዜ ያልሰጠኝ ባልዲ፣ በግንቦት ስንሞክረው እስከ አርባ ቆጥሬ አልጠፋም። የበጋው አቧራና የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ልጆቹ በጠንካራ መጥረጊያ ጠረጉት፤ የመኪና ማጠቢያ የሚሠሩ የሰፈር ወጣቶችም በመርጫቸው አጠቡልን፤ አብዛኛው ተመለሰ፤ ሁሉም ግን አይደለም። ይህ ኮንክሪት እንደ ወንፊት ነው፤ ካላራገፉት ይደፈናል። በላዩ ለሌላ ሥራ የመጣ አሸዋ አንድ ጊዜ ቢከመርበት አበቃ።

አሁን ለወላጆች ኮሚቴ ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው። ግቢው በሙሉ አይፈርስም። በታችኛው አጥር በኩል 30 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ወርድ ያለው ቦታ ብቻ፣ ማለት 90 ሜትር ካሬ፣ ውኃ አሳላፊ ኮንክሪት ይሆናል። የላዩ ጠጠር ወንበርና ሳጥን የሚጎተትበት ስለሆነ ጥቁር ድንጋይ፣ ቀዩ ድንጋይ ደግሞ ለእግረኛው ጠርዝ። የሥሩ ድንጋይ 45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ ከኮንክሪቱ ጋር 210 ሚሊ ሜትር፣ በ90 ሜትር ካሬ ሲባዛ 18,900 ሊትር ይይዛል። 90ዎቹ በርሜሎች በሙሉ ይገባሉ። አጥሩ አጠገብ ስለሆነ መሐንዲስ ሳያየው አይጀመርም ብለናል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ስለ ሲሚንቶው ዋጋ የጠየቁኝ ነገር የለም፤ «ማነው የሚጠርገው?» ብቻ ነው ያሉኝ። ተማሪዎቹ በየክፍሉ ተራ እንዲይዙ ሠንጠረዥ አዘጋጅተን አያይዘናል፤ ሰብሳቢው ግን የዛሬ ተማሪዎች የዛሬ ሦስት ዓመት የት እንደሚሆኑ ጠይቀው ወረቀቱን ወደ መሳቢያቸው መልሰውታል። እማማ በበኩላቸው ከማድ ቤታቸው ደጃፍ አሸዋ የተሞሉ አምስት ጆንያዎች ደርድረዋል፤ ቡሃቃውንም ከፍ ባለ መደብ ላይ አውጥተው አስቀምጠውታል።